የድንጋይ ካባው ሊሰፋ ነው፤ ለስብሰባው ምን ይዤ ልሂድ?

የአፋፉ መምህር፦

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ አንድ ቁና ነጭ ጤፍ ይዛ ገበያ ወጣች። ነጋዴው ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ጣል አደረገ፣ በፊት ጥርሱ ነከስ ነከስ አደረገና «እማማ፣ ይህ የካባ ጤፍ ነው» አላት። ዋጋውንም ቀነሰባት። የቀነሰው ብር ብዙ አይደለም፤ እሷን ያሳመማት ስሙ ነው። እናቴ አውድማዋን በእበት ለቅልቃ፣ ደርቆ እስኪጠነክር ጠብቃ የምታስወቃ ሴት ናት። ያ ሁሉ ተደርጎ ጤፉ ጥርስ ላይ ኮሽ ይላል። ጤፍ ደግሞ እንደ ስንዴ አይለቀምም። አቧራው ነጭ፣ ጤፉም ነጭ ነውና ዓይን አይለየውም፤ ወንፊቱም ሁለቱን አብሮ ያሳልፋል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጀምረው። የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለች ቀበሌ ነው። ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከእናቴ ጋር ደግሞ አራት ጥማድ እናርሳለን። ከሰፈራችን በእግር ሃያ ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ላይ የኖራ ድንጋይ ካባና የድንጋይ መፍጫ አለ። ከተከፈተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጠራም፤ ጥያቄዬ ስለ ስሙ አይደለም። አሁን ወደ ምሥራቅ ሊሰፋ ነው ተብሎ ችካል ተተክሏል፤ ችካሉ ከምንጫችን በላይ ያልፋል። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለ። ሰው ሁሉ «መምህር፣ አንተ ተናገርልን» ይለኛል። ምን ብዬ ልናገር?

ችግሩ በዚህ ጉዳይ እኔ ራሴ ሁለት ሰው መሆኔ ነው። ታናሽ ወንድሜ ካባው ውስጥ ይሠራል። ከዚያ በፊት እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርድ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሆዱ አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ በሰው ተደግፎ ተመለሰ። ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ነበር። ጎንደር ወስደን አሳክመነው በስንት መከራ ተረፈ። ካባው ሲከፈት «ከእንግዲህ ቆላ አልወርድም» ብሎ ገባ። ቤታችን ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተቀየረው በእሱ ደመወዝ ነው። የእናቴን የጤና መድን መዋጮ የሚከፍለውም እሱ ነው። እናቴ ታስላለች፤ ሳሉ ሲጠናባት ጤና ጣቢያ የምትሄደው በዚያው መድን ነው። ይህን ለስብሰባ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው ግራ ገብቶኛል።

ትምህርት ቤታችን ነፋሱ በሚወርድበት በኩል ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት የመፍጫውን በኩል መስኮት አንከፍትም። ጠዋት ስገባ ዴስኩ ላይ በጣቴ ቁጥር መጻፍ እችላለሁ። (ጠመኔውም ያው የጀሶ ልጅ ስለሆነ ማንን እከሳለሁ!) ድማሚቱ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ ልጆቹ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ጮክ ብለው መቁጠር ይጀምራሉ። ማንም አላስተማራቸውም። ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በመንገድ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ ዛሬ በ38 ፈነዳ፤ ትናንት በ45 ነበር» አለኝ። የሒሳብ መምህር ነኝና ልደሰት ወይስ ልዘን አላወቅሁም።

ምንጩን በተመለከተ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ክረምት ከበጋ ጠጠሩ እየታየ ነበር የሚወርደው። አሁን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አጓት ይመስላል። የቤታችን ምርጊትም ከማዕዘኑ ጀምሮ ተሰነጣጥቋል፤ ይህ ከድማሚቱ ይሁን ከጭቃው እርጅና እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያልሆነውን ሆነ ማለት አልፈልግም።

ባለፈው ዓመት በተደረገው ስብሰባ የድርጅቱ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። ይህን ያህል ሠራተኛ፣ ይህን ያህል ግብር፣ ሁለት መማሪያ ክፍል፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ አለ። ሁሉም እውነት ነው፤ በአንደኛው ክፍል እኔ ራሴ አስተምርበታለሁ። ከእኛ ወገን የተነሣው ሰው ግን «ልጆቻችን እያሳሉ ነው፣ ከብቶቻችን ከሱ» ብሎ ተቀመጠ። ስንት ልጅ? ከመቼ ጀምሮ? ማንም አያውቅም። ቁጥር የያዙት እነሱ ብቻ ነበሩ። ይህ በሙያዬ አሳፈረኝ።

«ይዘጋ» ማለት አልፈልግም፤ ወንድሜን ወደ መተማ መመለስ ነው። «ይስፋ» ለማለትም አፌ አልታዘዝ አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን ልቁጠር? ምን በጽሑፍ ይግባ ብዬ ልጠይቅ? ካባና ማዕድን አካባቢ የሠራችሁ ወይም የኖራችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።


ሲስተር፣ ከማርቆስ፦

መምህር፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ተመላላሽ ክፍል ስለምሠራ እንደ እሳቸው ያሉ እናቶች በየሳምንቱ አያለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የማይወዱትን ልናገር። እናትዎ እንጀራ የሚጋግሩት በምንድን ነው? በኩበትና በእንጨት፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ከሆነ፣ «እናቴ በካባው ምክንያት ታስላለች» ባሉ ቁጥር አንድ ሰው ተነሥቶ ይህንኑ ይጠይቅዎታል። የማድ ቤት ጭስ ብቻውን ሳንባ ያጠፋል። የአንድ ሰው ሳል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሁለት ጎጥ ሳል ግን ይሆናል። ለመፍጫው የቀረበ አንድ ጎጥ፣ ራቅ ያለ ሌላ ጎጥ፣ ሁለቱም በኩበት የሚጋግሩ ይሁኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር አብራችሁ ብትሄዱ በሦስት ቀን ይጨረሳል። ጥያቄው አጭር ይሁን፤ በቤቱ ስንት ሰው አለ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ አለ ወይ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ካባው ውስጥ የሚሠራ አለ ወይ። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል ያለበት ሁሉ ደግሞ ስብሰባውን ሳይጠብቅ የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ የሳንባ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ወንድምዎ ነው። ከድንጋይ አቧራ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ክፉ ነው። የሚጎዳው በዓይን የሚታየው አይደለም፤ የሚታየው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በአክታ ይወጣል። የማይታየው ደቃቁ ሳንባ ድረስ ይወርድና ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታወቀው፤ አቧራው ከባድ ከሆነ ግን ቶሎ ይመጣል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሥራውን ካቆመ በኋላ እንኳ ሊብስ ይችላል። ያለበት ሰው ደግሞ በነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሊካን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍ ላይ መጠምጠም ደቃቁን አቧራ አያግድም። ለደቃቅ አቧራ ተብሎ የተሠራ፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚል ጭምብል አለ፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ዋጋ የለውም።

ሁሉም የካባ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር የደረት ራጅና የትንፋሽ አቅም ምርመራ ሊደረግለት፣ ውጤቱም በእጁ ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያው ፊልም ከሌለ የአምስተኛው ዓመት ፊልም ከምን ጋር ይነጻጸራል?

አንድ ነገር ልጨምር። የወንድምዎን የሥራ ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?


የአፋፉ መምህር፦

ሲስተር፣ የምታጥበው እናቴ ናት። ከማጠቧ በፊት ደጅ አውጥታ ታራግፈዋለች። በእንጨት እየመታች። ይህን እስከ ዛሬ አስቤው አላውቅም።


የቀድሞ ሰሊጥ አጫጅ፦

መምህር ሆይ፣ አስተውል። እዚህ ባሕር ዳር ቤት የሚሠራ ሁሉ ሲሚንቶ ተወደደ እያለ ይጮኻል። ሲሚንቶ ከሰማይ አይወርድም፤ ከእናንተ አፋፍ ካለው ዓይነት ድንጋይ ነው። እኔም መተማ ከርሜ አውቀዋለሁ፤ ወባው፣ አሸዋ ዝንቡ፣ በሜዳ ማደሩ። እንኳን አቧራ፣ ጭቃም ቢሆን ከቤቱ አድሮ የሚሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። ብዙ ቅድመ ሁኔታ ስትደረድሩ ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጉድጓዱ ብቻ ይቀርላችኋል።


ገበሬው ከባንጃ፦

ያለ እኛ የዚህን ድንጋይ ነገር ማውራት አይቻልምና ልግባበት። እኛ አዊ ነን። መሬታችን በአሲድ ተበልቷል። ገብስ ትዘራለህ፣ ጣት ያህል በቅሎ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያ ብትጨምር ፎስፈረሱን አፈሩ ያስረዋል፤ ለተክሉ አይደርሰውም። ለዚህ ነው እኛና የፋግታ ለኮማ ሰዎች እርሻውን ትተን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለን ከሰል ማክሰል የያዝነው። ከሰሉ ቤት ሠርቶልናል፣ እውነት ነው። ማታ ማታ ግን ሰፈሩ በሙሉ በጭስ ይታፈናል፤ እኛም የራሳችን ካባ አለን ማለት ነው። በኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ወደ ገብሱ ለመመለስ ስናስብ፣ የግብርና ባለሙያው «ኖራ ጨምሩ» አለን።

ኖራው የሚመጣው ከእናንተ በኩል ነው፤ ያው የተፈጨ ድንጋይ። ለአንድ ሄክታር እንደ አሲዱ መጠን ሃያም፣ ሠላሳም፣ አርባም ኩንታል ይፈልጋል። እኔ በአንዲት ጥማድ ላይ ሞከርሁ። ኩንታሉን ከመንገድ ዳር በአህያ ስናጓጉዝ ሰነበትን፤ ጭነቱ ከኖራው በለጠ። ገብሱ ግን ወገቤ ድረስ ደረሰ። ባለቤቴ ማመን አቅቷት ዛላውን በእጇ እየዳበሰች ቆማ ነበር። ስለዚህ መምህር፣ ካባችሁ ይዘጋ የሚል ሰው ካለ ለእኔ ገብስ ይዘጋ እንዳለ ነው።

ግን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከድንጋዩ አቧራ የምትኖሩት እናንተ፣ ኖራውን የምንፈልገው እኛ፤ እኔ ያን ኩንታል ስገዛ የእናትህ ሳል ዋጋው ውስጥ አልነበረም። ውኃ የሚረጭ መኪና ለመግዛት ኩንታሉ ላይ ትንሽ ብር ቢጨመር እኔ እከፍላለሁ። ጠይቆኝ የሚያውቅ ግን የለም።


ድንጋይ አንባቢ፦

የከርሰ ምድር ባለሙያ ነኝ፤ ለብዙ ዓመታት በካባዎች ሠርቻለሁ። ከሁለቱም ወገን የሰማሁት ግማሹ ትክክል ነው።

ከአፋፉ ወደ ዓባይ ስትወርዱ ምድሩ እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው። ላይኛው ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና ጭቃማ ንብርብር፣ ከዚያ ኖራ ድንጋዩ፣ ከኖራው በታች ጀሶው፣ ከሁሉም በታች እንደገና የአሸዋ ድንጋይ። አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ አቧራ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሰብል ያበላሻል፤ ሲሊካው ግን ጥቂት ነው። የአሸዋ ድንጋይ ግን አብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ ሲስተር የነገረችህ ሲሊካ ራሱ ነው። እንግዲህ መምህር፣ ወንድምህን አንድ ነገር ጠይቀው። የሚሠራው መፍጫው ላይ ነው ወይስ ላይኛውን ንብርብር ገፈፋ ላይ? ኖራው ጋ ለመድረስ የአሸዋ ድንጋዩን እየበሱ ከሆነና መሰርሰሪያው ውኃ ከሌለው፣ አደጋው ሰፈር ከሚደርሰው ነጭ አቧራ ይልቅ እዚያ ላይ ነው። አዲሱ መስፋፊያ ላይም መጀመሪያ የሚገፈፈው ይኸው ንብርብር ሊሆን ይችላል።

አቧራን መቀነስ የጠፈር ሳይንስ አይደለም። በውኃ መብሳት፣ መፍጫው አፍ ላይ ውኃ መርጨት፣ ማመላለሻውን መሸፈን፣ መንገዱን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማርጠብ፣ የገልባጭ መኪናውን ጭነት በሸራ ማልበስ። «ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል» ላልከው ወንድሜ፣ ድንጋዩን ጥሎ የት ይሄዳል? ድንጋዩ ያለው እዚያ ነው። በዚህ የሚከስር ካባ አላየሁም፤ ከዚህ የሚሸሽ ግን አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ለዚህ ሁሉ ውኃ ያስፈልጋል። ውኃው ከየት ይመጣል? ስብሰባው ላይ «አቧራ ቀንሱልን» ብላችሁ ታስፈርማላችሁ፣ ድርጅቱም «እሺ» ብሎ ፓምፑን ምንጫችሁ ላይ ይተክላል። እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ፤ መንደሩ አቧራውን ሸኝቶ ውኃውን አጣ። ስለዚህ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ አብሮ ይጻፍ። የተሻለው ሥራ ያቆመውን አሮጌ ጉድጓድ የክረምት ውኃ ማጠራቀሚያ ማድረግ ነው፤ ግን በአጥር ይከለል፣ ልጅና ከብት ይገባበታል።

ምንጩም ቢሆን ተራ ምንጭ አይደለም። ኖራ ድንጋይ ውስጥ ውኃ የሚሄደው በስንጥቅና በዋሻ ነው፤ አፈር ውስጥ እንደሚሰርገው አይጣራም። ላይ የደፈረሰው ቶሎ ታች ይደርሳል፤ አንድ ስንጥቅ ከተነካ ደግሞ ውኃው አቅጣጫውን ቀይሮ ሌላ ቦታ ብቅ ሊል ይችላል። ከዛሬ ጀምራችሁ ለኩት። ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዛችሁ፣ በእጅ ሰዓት፣ ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ። በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሁለት ምስክር ፊት። ጥቂት በጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩና ከታች የዘቀጠውን በማስመሪያ ለኩ። ድማሚቱን በተመለከተ፣ ሁሉም በአንዴ ሳይሆን በቅንጥብጣቢ ሰከንድ እየተቀዳደመ እንዲፈነዳ ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ትምህርት ከተለቀቀ በኋላ ይሁን። የግድግዳውን ስንጥቅ ዳርና ዳሩን በእርሳስ ምልክት አድርገህ ቀኑን ጻፍበት። ከድማሚቱ ይሁን ከእርጅናው የምታውቀው ያን ጊዜ ነው።


ማመልከቻ ጸሐፊው፦

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ወረቀት ነው፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል፤ በተለይም ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ይላል። ሰነዱን ያላየ ሰው ፈርሞ «ተወያይተናል» የሚል ቃለ ጉባኤ እንዳይወጣበት። የስብሰባ ፊርማ የመገኘት ፊርማ ነው ወይስ የመስማማት? ከላይ በግልጽ ይጻፍ። በዚህች አንድ መስመር የተነሣ ስንት ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ መሰላችሁ!

ሁለተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ነው በሚለው ላይ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለፌዴራል ወይም ለክልል አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በሠላሳ ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታውን ስታስገቡ ግልባጩ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ያለ ቀን ሠላሳው ከየት ይቆጠራል?

መሬቱን በቋሚነት ለሚለቁት፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኙት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ገበሬ ደግሞ ግብር ፈርቶ ምርቱን ሲያሳንስ የኖረ ነው፤ ያሳነሳት እያንዳንዷ ኩንታል በ15 ተባዝታ ትቀርበታለች። የማዕድን አዋጁም፣ 678/2002፣ ባለፈቃዱ የቆፈረውን መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ እንዲመድብና በአካባቢው ልማት እንዲሳተፍ ያስገድዳል። «ገንዘቡ ተመድቧል ወይ? የት ባንክ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጉጂ ላይ፣ በለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት የነዋሪው ተቃውሞ ሲበረታ የወርቁ ፈቃድ ታገደ፤ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ወርቅና ኖራ አንድ አይደሉም፣ ኬሚካሉም ይለያል። እዚያ ግን ክርክሩ የሞቀው ሥራው ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ ነበር። እናንተ ገና ችካል ላይ ናችሁ።


የአፋፉ መምህር፦

ትናንት ስብሰባው ተደረገ። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ብድራችሁ ስላለብኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ዞርን። ከመፍጫው በታች ካለው ጎጥ 31 ቤት፣ ከወንዙ ማዶ 31 ቤት። ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው በታችኛው ጎጥ 19፣ በማዶው 8 ሆነ። 62 ቤት ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ የሒሳብ መምህር ነኝ። ግን ከዜሮ ይሻላል። ከ27ቱ ውስጥ የአንዷ እናት አክታ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀምራለች። ካባው ባይኖርም ልትታመም ትችል ነበር፤ ግን ማንም ባይጠይቃት እስከ መቼ ትኖር ነበር?

ምንጩን የሚለኩት የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ጀሪካኑ በመጀመሪያው ቀን በ42 ሰከንድ ሞላ፣ በሁለተኛው ሳምንት በ43። ሁለት የሰንበቴ ሽማግሎች ፈርመውበታል። አንደኛው ሽማግሌ «ውኃ ሲቆጠር ዛሬ አየሁ» እያሉ እስከ ቤታቸው ሳቁ።

ስብሰባው ላይ የድርጅቱ ሰው እንደ ዐምናው ወረቀቱን አነበበ። እኔም የእኛን አነበብሁ። ዝም አለ። ከዚያ በቁጥሩ ላይ ተከራከረ፤ የማድ ቤት ጭስ አለ፣ ሲስተር እንዳሉት። ማዶውም በኩበት ነው የሚጋግረው አልሁ። ደስ ያለኝ በቁጥር መከራከራችን ነው፤ ዐምና የሚከራከርበት ቁጥር አልነበረንም። መንገዱን በቀን ሦስት ጊዜ ለማርጠብ፣ ድማሚቱን ከ10 ሰዓት በኋላ ለማድረግ፣ የሥራ ልብስ እዚያው የሚታጠብበት ቦታ ለመሥራት ተስማማ። ውኃውን ከየት ትቀዳለህ ስንለው ወደ ምንጩ በኩል እጁን ዘረጋ። ድንጋይ አንባቢ፣ ያን ጊዜ አንተን አስታወስሁህ! አሮጌው ጉድጓድ ተጽፏል፣ አጥሩም እንዲሁ። ተጽዕኖ ግምገማውን ግን አላመጣም፤ እሱ እስኪመጣ ችካሉ ባለበት ይቆያል ተብሎ ተቀጠረ። ፊርማው ላይ «ለመገኘት ብቻ» ብለን ጻፍን።

የባንጃው ገበሬ፣ ያንተን ቃል ለእናቴ አነበብሁላት። «ለዚያ ሰው አንድ ቁና ጤፍ ላክልኝ፤ የካባ ጤፍ ቢሆንም» ብላለች።

ያልተስማማንበት ራጁ ነው። «ለአዲስ ሠራተኞች እናስመረምራለን፣ ያለፈው አይመለከተንም» አለ። ይህን ሲል ወንድሜ ከኋላ ተነሣ። ስብሰባ ላይ ሲናገር አይቼው አላውቅም። ሦስት ዓመት ላይኛውን የአሸዋ ድንጋይ በደረቁ ሲበሳ እንደነበር፣ ጭምብል አንዴ ብቻ እንደተሰጠው፣ ደረጃ ሲወጣ አሁን አሁን እንደሚደክመው ተናገረ። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ ለእናታችንም። የሠራተኛ ሕጉ ከሥራ የመጣ በሽታን እንደ ሥራ ጉዳት እንደሚቆጥር አንድ የካባ ባልደረባው ጨመረ። የድርጅቱ ሰው «እናየዋለን» አለና ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደጻፈ አላየሁም።

መልሳቸውን ሳንጠብቅ በሚመጣው ሳምንት ራሴ ማርቆስ ይዤው እመጣለሁ። ሲስተር፣ ተረኛ የሚሆኑት በየትኛው ቀን ነው? የመድን ደብተሩ ይበቃል ወይስ ከጤና ጣቢያችን የሪፈር ወረቀት ይዘን እንምጣ?